የሙሽሮቹ ክንፍ

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት ሽቦ የሚስቡ ጓደኞቹ ናቸው። ሲናደድ ብልጭ ይልና ድርግም ይላል፤ ከአፍታ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቀ ይመለሳል። ሃምሳ ዓመት ካለፈው ወዲህ ንዴቱ ቀነስ፣ ሆዱ ጨመር ብሏል፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈበት ቀረ። በዚያ ሰሞን ታዲያ ንዴትም ድካምም አጠገቡ ድርሽ አላሉም። እህቱ አግብታለች።

«ማን?» ይሉታል ሰዎች።

«እህቴ። እትዬ።»

«ያቺ ያሳደገችህ? ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባን አልፋለች» ይላል ፊውዝ፤ ጠያቂው ዓይኑን እስኪያፈጥ ይጠብቅና ይጨምርበታል። «ሙሽራውማ ይበልጣታል!»

ቀለም ቀቢዎቹ፣ የሽቦ መሸጫው ባለቤት፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ ይህን ወሬ ሰምቷል። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሰምቷል።

እትዬ የምትኖረው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ዊልቸር ላይ ቀረች፤ ምርኩዟን ግን ከጎኗ አልለየችም። ፊውዝ ቤቱ ሊወስዳት ለምኗት ነበር። «አንተ ቤት ደረጃ አለ፤ እዚህ ግን ወሬ አለ» ብላ እምቢ አለችው። እውነቷን ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። በቀኝ የሴቶቹ፣ በግራ የወንዶቹ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ሲተማማ የሚውልበት ትልቅ ሳሎን አለ። አንድ ቀን የእትዬ ቀሚስ የዊልቸሩ ጎማ ውስጥ ገብቶ ተቀደደ። ከወንዶቹ ወገን አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ቀዳዳውን መረመሩና፣ «ይሄ ማጠር አለበት» አሉ። አሳጠሩላት። በሳምንቱ ሌላ ቀሚስ አሳጠሩላት። በሦስተኛው ላይ መላው ሳሎን ነገሩ ገባው። የእትዬ ቀሚሶች በሙሉ አጥረው ካለቁ በኋላም ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን እንደያዙ ከአጠገቧ አልጠፉም።

ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ። አንዷ ምስክር የመኖሪያው ኃላፊ ነበረች፤ ሁለተኛው ምስክር ፊውዝ ነበር። ተጨበጨበ፣ ተሳቀ፣ ፎቶ ተነሱ። ሲመሽ ግን ሙሽራው ወደ ግራ፣ ሙሽሪት ወደ ቀኝ ሄዱ። ለጥንዶች የሚሆን ክፍል ያለው በግቢው ጀርባ በተቀጠለው ሕንፃ፣ በኋለኛው ክንፍ ብቻ ነው፤ የኋለኛው ክንፍ ደግሞ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ተቆልፎ ቆይቷል። ያስቆለፈው ሽቦው ነው።

መጀመሪያ የዘረጋው ሰው እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት ነበር የዘረጋው። ሶኬቶቹ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብለው፣ አንድ መብራት መሐል ጣሪያ ላይ፣ አንድ ማብሪያ በሩ አጠገብ፣ አለቀ። ፈቃድ የምትሰጠው መሐንዲስ አንድ ጊዜ ተዘዋውራ አየችና፣ «እዚህ የሚኖሩት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው እንዴ?» ብላ ዘጋችው። ፊውዝ ሥራውን የተረከበው ከዚያ በኋላ ነው። ሲረከብም የእህቱ ክፍል መሆኑን ያውቃል።

ሁሉንም ከግድግዳው መዞ አወጣና እንደ አዲስ ጀመረ። ሶኬቶቹን ወገብ ድረስ ከፍ አደረጋቸው፤ ጎንበስ ያለ አረጋዊ ሁልጊዜ ቀና አይልምና። ማብሪያዎቹን መዳፍ የሚያህሉ አደረጋቸው፤ አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን አልጋው ራስጌ። ወለል ላይ የሚጎተት ማራዘሚያ ገመድ አንድም እንዳይኖር በየግድግዳው ሶኬት አበዛ። መታጠቢያ ቤቶቹን ለብቻቸው ብሬከር ላይ አሰረ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ የተገናኙ እንደሆነ ሰው «እንዴ!» ሳይል የሚቆርጥ ዓይነት። ሌሊት በትንፋሽ ማገዣ መሣሪያ ለሚያድሩት ቀይ ሶኬት አበጀ፤ መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ የሚቀበለው። የጥሪ ደወሉን ገመድ ደግሞ እስከ ወለሉ አስወረደው።

«ምን ያደርጋል እዚያ ድረስ?» አለችው ኃላፊዋ።

ፊውዝ መልስ ከመስጠት ይልቅ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ዘርጋ ብሎ ተኛ። «ይኸው ወድቄያለሁ። ቆሜ ልደውል?»

«ተነስ ባክህ፣ ሰው ያያል!»

«ይይ! ለሰው ነው የምሠራው።»

እንዲህ እየዘለለ ነበር የሚሠራው። ካቻቢቴ በአፉ፣ ፒንሳ በኪሱ፣ ላብ በላብ ሆኖ መሰላል ላይ ያፏጫል። እትዬና ልብስ ሰፊው ቁርስ በልተው ሲጨርሱ ይመጡና ወደፊት የሚገቡበትን ክፍል ይቆጣጠራሉ።

«እዚህ ጋ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?» ትላለች እትዬ።

«የራስጌ መብራት ነው።»

«የሱ ነው የኔ?»

«ሁለት ነው እትዬ፤ ለየራሳችሁ።»

«እሰይ! እሱ ጋዜጣውን ሲያገላብጥ እኔ እተኛለሁ።»

«ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው፣ «እሷ ስታወራ እኔን የሚያስተኛ ማብሪያስ የለህም?»

«እሱ ገና አልተፈለሰፈም ጋሼ።»

በመጨረሻ የቀሩት የአደጋ ጊዜ መብራቶች ነበሩ። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩም እምቢ ቢል፣ ወይም ጭስ ኮሪደሩን ቢሞላው፣ ሰው መውጫውን የሚያየው በእነሱ ነው። ሁሉም የሚመገቡት ከአንድ የባትሪ ሳጥን ነው። ሳጥኑ በኮሪደሩ ጫፍ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌት ተቀን እያጉረመረመ ኃይል ያጠራቅማል። መሐንዲሷ የምትጠይቀው ነገር ግልጽ ነው፤ ዋናው መስመር ሲቋረጥ መብራቶቹ አንድ ሰዓት ሙሉ መቆየት አለባቸው። በዊልቸርና በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሮጦ አይወጣማ።

የፈተናው ቀን ሳሎኑ ባዶውን ቀረ። ወንበሩን መግፋት የቻለ እየገፋ፣ ያልቻለ እየተገፋ፣ ሁሉም የኋለኛው ክንፍ ኮሪደር ውስጥ ተሰለፈ። ከፊት የተቀመጡት ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱት ሾፌር ናቸው። ሾፌሩ ደስ ያላቸው እንደሆነ በአፋቸው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ «ጲጵ! ጲጵ!» ይላሉ፤ የከፋቸውም እንደሆነ ያንኑ ነው።

መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ቃሏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ስል። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ለካች። የመታጠቢያ ቤቱን ብሬከር ፈተነች። ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ የደወሉን ገመድ ሳበችና ሲጮህ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዋናውን መስመር ቀጭ አድርጋ አጠፋችው።

ኮሪደሩ ለቅጽበት ድቅድቅ ጨለማ ሆነና መብራቶቹ ብልጭ ብለው በሩ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሾፌሩ ጥሩምባቸውን ነፉ። ፊውዝ ግድግዳውን ተደግፎ ፈገግ አለ፤ አንድ ሰዓቱን እዚያው ቆሞ ሊያጣጥመው አስቦ ነበር።

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከመውጫው በር በላይ ያለው መብራት ቀላ። ቀጥሎ ያለውም ቀላ። አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ዓይን እየተስለመለመ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ የልብስ ሰፊው ድምፅ ብቻ ተሰማ። «አይዞሽ» ይላሉ።

መሐንዲሷ መስመሩን መለሰችው። «ጋሼ፣ ሌላው ሥራዎ ንጹሕ ነው። ግን እንዲህ የሚጨልም ቤት ውስጥ እናቴን አላስገባም፤ የሰውንም እናት አላስገባም። ደግሞ የቁምሳጥኑ በር ቁልፍ የለውም።»

«ማን ይነካዋል ብለው ነው ኢንጂነር? እነዚህ አሮጊትና ሽማግሌዎች?»

«ማን እንደሚነካው አላውቅም። ቁልፍ ግን ያስፈልገዋል። የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ተመልሼ አያለሁ።»

እሷ ከወጣች በኋላ ኃላፊዋ ፊውዝን ወደ ጥግ ወሰደችው። «ስማ፤ ቦርዱ ሰልችቶታል። ሐሙስ ካልተፈቀደ ክንፉ ለዕቃ ማከማቻ ይከራያል። ተከራዩ ተገኝቷል፤ ውል ብቻ ነው የቀረው።»

«እትዬስ?»

«እትዬ በቀኝ፣ ጋሼ በግራ። እንደ እስካሁኑ።»

«እስከ መቼ?»

ኃላፊዋ ወደ ሙሽሮቹ አየች። በዚያ ዕድሜ «እስከ መቼ» የሚባለውን ጥያቄ ማንም ደፍሮ አይመልሰውም።

ፊውዝ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደውም። በጠዋት ባትሪ ሻጩ ደጃፍ ላይ ተተከለ።

«አሮጌ ባትሪ ነው የሰጠኸኝ!»

«የታሸገበትን ፕላስቲክ ራስህ አይደለህ የቀደድከው? ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

እዚያም ብልጭ ብሎ ድርግም አለ፤ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። የቀረው ራሱን መጠርጠር ነው። ያሰራቸውን ሽቦዎች በሙሉ ፈትቶ ደግሞ አሰረ። ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ በደረቱ እየተሳበ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ዳሰሰ። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍተው ያጉረመርማል፤ አረንጓዴ ምልክቱ እየሞላ መሆኑን ይናገራል። ሲለካው ግን እንደ ትናንቱ ጎዶሎ ነው። ሁልጊዜ እየሞላ ነው፤ ሞልቶ ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ቁልፉንማ ረስቶታል፤ ቁልፍ የሚያስብበት ጭንቅላት አልነበረውም።

ነዋሪዎቹ ሊያጽናኑት ይሞክሩ ነበር። «አይዞህ፣ የሐሙስን አታስብ» ይሉታል፤ እርስ በርስ እየተያዩም ፈገግ ይላሉ። ፊውዝ በዕድሜ ብዛት ነው ብሎ አለፈው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቻርጀር ተውሶ ሊሞክር በጊዜ ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቴስተሩን መርሳቱ ትዝ አለውና ተመለሰ። ፀሐይዋ ገና ግቢው ውስጥ ነበረች። ከኋለኛው ክንፍ በር ፊት ለፊት ሾፌሩ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፊውዝን ሲያዩ ቆሌያቸው ተገፈፈ።

«ጲጵ!» አሉ። «ጲጵ! ጲጵጲጵጲጵ!»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ምንም! መንገድ ዝግ ነው! በዚያ በኩል ዙር!»

ፊውዝ አልፏቸው ገባ። መጀመሪያ የተሰማው ነገር ጸጥታው ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ያ የለመደው ማጉረምረም የለም። በኮሪደሩ ጫፍ የቁምሳጥኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልብስ ሰፊው ዊልቸሩን ከኋላ ደግፈው ይዘዋል። እትዬ ምርኩዟን እንደ ጦር አስረዝማ የባትሪ ሳጥኑን ማጥፊያ ገና አሁን ተጭናዋለች፤ ምርኩዙ እዚያው ላይ ነው።

«እትዬ!»

ሁለቱም ደነገጡ። እሷ ግን ቶሎ ነው ራሷን የገዛችው። «ምን ያስጮህሃል? ሰው ቀስ ብሎ አይገባም?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያሳረፍኩት ነዋ።»

«ምኑን?»

«ሳጥኑን! ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ሌሊቱን ደግሞ ሊያጉረመርም? አንተ ስትወጣ እናሳርፈዋለን፤ ጠዋት ሳትመጣ እንቀሰቅሰዋለን። ለመሐንዲሷ ቀን ጉልበት ይኑረው ብለን ነው።»

ፊውዝ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካመጣኸው ቀን ጀምሮ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ተራ አውጥተናል። አንድም ቀን አላስተጓጎልንም።»

«ባለፈው ጊዜ ዕረፍቱ ያልበቃው አዲስ ስለሆነ ነው ብለን» አለች እትዬ፣ «በዚህኛው ሳምንት ቀንም ጭምር፣ ምሳ ልትበላ ስትወጣ ትንሽ ትንሽ አሳርፈነዋል።»

ፊውዝ ነደደ። ተነሳ፣ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ፣ በኮሪደሩ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «እየደከመ አይደለም እኮ ሲያጉረመርም! እየበላ ነው! እትዬ፣ እየበላ ነው! ስታጠፉት ቀን የበላውን ሌሊት ይጨርሰዋል! ጠጥቶ ጠግቦ እንዲያድር የተሠራውን ሳጥን ስታስርቡት ከረማችሁ! እኔ ሽቦ ስፈታ፣ እኔ ከሰው ስጣላ፣ እኔ ኮርኒስ ውስጥ እንደ አይጥ ስሳብ…»

ድምፁ እዚያ ላይ ተሰበረና ሳቅ ሆነ። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ግን ይህኛው ሳቅ ሆዱን አስይዞት ጎንበስ አደረገው። ሁለቱ ሙሽሮች ግራ ገብቷቸው ያዩታል።

«አስርበነዋል ነው የሚለው?» አሉ ልብስ ሰፊው ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«እኔማ የእንግዳ ነገር ነው ብዬ ነው» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «የእንግዳ ነገር በየቀኑ አይነካም ብዬ።»

ይህን ስትል ፊውዝ ሳቁ ቆመ። ልጅ ሳለ ሁለቱ የሚኖሩባት ክፍል አንድ አምፖል ነበራት። እናት አባታቸው ካለፉ በኋላ እትዬ ሆቴል ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችው። አምፖሉ የሚበራው ሰው ሲመጣ ነው። ሰው ከሌለ ኩራዝ ነው። ፊውዝ ማባዛትና ማካፈልን የተማረው ባልበራ አምፖል ሥር በኩራዝ ብርሃን ነው፤ ቁጥሩ ሲያቅተው ቀና ብሎ ያንን ጨለማ ብርጭቆ ያያል፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ምን ስታደርግ ቤቱን እንደምትሞላው ያስባል። ቁምሳጥን ውስጥ እጥፋቱ ያልተፈታ አንሶላ ነበር፤ የእንግዳ። ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች ነበሩ፤ የእንግዳ። አንድ ሰሞን አንድ ሰው በየእሁዱ ይመጣ ጀመር፤ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ያን ሰሞን አምፖሉ በየእሁዱ በራ። ከዚያ አንድ እሁድ እትዬ ደጅ ቆማ ከሰውዬው ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገረች። «መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይማርልኝ» ስትል ይሰማል። ተመልሳ ገባች፣ ማብሪያውን ቀጭ አደረገች፣ ኩራዟን ለኮሰች። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ስለሱም ተነጋግረው አያውቁም።

ፊውዝ ከዊልቸሩ ፊት ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ ይሄ የእንግዳ አይደለም። የናንተ ነው። ሌት ተቀን ይብላ፣ ያጉረምርም፤ እናንተ ስትተኙም ስትነሱም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እትዬ ሳጥኑን አየችው። «ይገርማል» አለች። ከዚያ ምርኩዟን ሰነዘረችና ማብሪያውን ተጫነችው። ሳጥኑ ማጉረምረም ጀመረ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ባትሪ ተርቦ ከከረመ አንዳንዴ አይመለስም፤ ቢመግቡትም መያዝ ያቅተዋል። ሐሙስ ደርሷል። አዲስ ባትሪ ቢገዛ እንኳ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። ፊውዝ ይህን ለኃላፊዋ ብቻ ነገራት። በዚያው ቀን ጠንካራ ቁልፍ ገዝቶ ቁምሳጥኑ ላይ ገጠመ።

«ቁልፉን ለኔ ስጠኝ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለችው እትዬ።

«ለማንም እሰጣለሁ፤ ለአንቺ ግን አልሰጥም።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ነዋሪዎቹ በዚያ ኮሪደር ሲያልፉ በጣታቸው ጫፍ የሚራመዱ መሰሉ። አንዱ ጮክ ብሎ ካወራ ሌላው «ዝም በል፣ እየበላ ነው» ይለዋል። ልብስ ሰፊው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ያዳምጡና ወደ ሳሎን ተመልሰው «ደህና እየበላ ነው» ብለው ወሬ ያደርሳሉ። ሾፌሩ «ምን ያህል ቢጠጣ ነው የሚሞላው? የኔ አውቶቡስ እንኳ እንዲህ አትጠጣም ነበር» እያሉ ያጉተመትማሉ። ፊውዝ ማታ ሲለካው ምልክቱ ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ የሚበቃ ይሁን የማይበቃ ግን ቴስተሩም አይናገርም።

ሐሙስ መሐንዲሷ በሰዓቷ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ቁልፉን ነው። ያዝ አድርጋ ጎተተችውና ፊውዝን ቀና ብላ አየችው።

«ልክ ነበሩ ኢንጂነር» አላት። «እነዚህ አሮጊትና ሽማግሌዎች!»

የሆነውን ሲነግራት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «አያቴም ማቀዝቀዣ ታጠፋ ነበር» አለች። «አሁን ግን እንየው።» ዋናውን መስመር ቀጭ አደረገችው።

መብራቶቹ በሩ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ይመለከታል። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ሾፌሩ የራዲዮ ኳስ እንደሚያስተላልፍ ሰው ጀመሩ። «የመውጫው መብራት ቆሟል! መሐለኛው ቆሟል! የመታጠቢያ ቤቱም በጥንካሬው ቀጥሏል!» እትዬ የባሏን እጅ ይዛለች፤ ይዛ ብቻ አይደለም፣ ትጨምቀዋለች። «መርፌ የምይዝበት እጅ ነው፣ ቀስ» ይሏታል።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ፊውዝ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ባለፈው መጀመሪያ የቀላውን፣ ከመውጫው በር በላይ ያለውን። ጊዜው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያ መብራት ተንቀጠቀጠ። ደብዘዝ አለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ደብዘዝ አለ። ኮሪደሩ በሙሉ «ወይኔ!» አለ። መሐንዲሷ መሰላሉን ጎትታ ወጣችበት፤ ሽፋኑን ጠጋ ብላ አየችውና በእጅዋ መታ መታ አደረገችው። አንድ የእሳት ራት ከውስጥ ተንፈራግጦ ወጣና በሾፌሩ ራስ ላይ አለፈ።

«ጲጵ!» አሉ ሾፌሩ። «ጥግህን ያዝ!»

መብራቱ ድርቅ ብሎ በራ። ሳቁ ገና ሳያበቃ መሐንዲሷ ሰዓቷን አየች፣ ከመሰላሉ ወረደች፣ እጅዋን አራገፈች።

«ሞልቷል» አለች። «ክንፉ ይከፈት።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም። ኃላፊዋ አለቀሰች። ሾፌሩ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጥሩምባ ነፉ። ልብስ ሰፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሐንዲሷን እጅ ነሱ፤ «ልጄ፣ ቀሚስሽን በነጻ አሳጥርልሻለሁ» ሲሏት እትዬ «የማንንም ቀሚስ አታሳጥርም! ከእንግዲህ አይቻልም!» ብላ ጮኸች።

ዕቃ ለማጓጓዝ ነገን የጠበቀ የለም። ፊውዝ አልጋውን ከቀኝ በኩል እየገፋ አመጣ፤ ሻንጣዎቹ ከግራ በኩል መጡ። የልብስ ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ሶኬት ሲፈልጉ ዓይናቸው ቀዩ ላይ ወደቀ።

«እሱን አይንኩ ጋሼ! ለትንፋሽ መሣሪያ ብቻ ነው!»

«መኪናዬ አትተነፍስም ያለህ ማነው?»

ነጩን አሳያቸው። መብራቶቹን አንድ በአንድ አበራ፤ የራስጌዎቹን፣ የመታጠቢያውን፣ ሌሊት እግር የሚያስተውሉባትን ከወለሉ ከፍ ያለችውን ትንሽዋን። ሁሉም ሠራ። ደግሞ አንድ ጊዜ አበራ። መጋረጃውን አስተካከለ፣ ያልላላውን ብሎን አጠበቀ፣ የአልጋውን እግር ነካካ።

«በል እንግዲህ» አለችው እትዬ።

«ምኑን?»

«ሂዳ።»

«ትንሽ ልቀመጥና አንድ ነገር እንዳይጎድል…»

«አንተ ልጅ፣ የባልና ሚስት ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለህ? ሚስትህ አትጠብቅህም? ውጣልኝ።» እጁን ሳበችና ሁለት ጊዜ ሳመችው። ከዚያ ዊልቸሯን በራሷ እጅ እያሽከረከረች እስከ በሩ ሸኘችውና አፍንጫው ላይ ዘጋችበት።

ፊውዝ ካቻቢቴውን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ተነሳ፤ እሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ልብስ ሰፊው ሳቁ። ለእሱ የሚሠራ ነገር አልቀረም። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተው።

ወደ መውጫው ሲያመራ ሾፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፀጉራቸውን ውሃ ነክተው አበጥረዋል።

«ፊውዝ» አሉት በሹክሹክታ፣ «ስንት ክፍል ተርፏል?»

«ለምን ጠየቁ ጋሼ?»

«እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት» አሉና፣ ዓይናቸውን ወደ ሴቶቹ ወገን ላክ አድርገው በጣም ቀስ ብለው ጥሩምባቸውን ነፉ።